ከጫሞ ማዶ የታየው አዞ

ሐሙስ ጠዋት ከሴቻ ሰፈር ሦስት ሰዎች መነጽር ሊሞክሩ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳር መውረዳቸው ለሁሉም ይታወቅ።

ማርቆስ ሰኞ በአንድ የአደን ድርጅት አውሬ ጠቋሚ ሆኖ ሊቀጠር ነው። ቀጣሪዎቹ ግን ጥራት ያለው፣ ከሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዘህ ካልመጣህ አትምጣ ብለውታል። ሻጩን ኤፍሬምን ስላላመነው ጋሽ ጫፎን አስከትሎ መጣ። ጋሽ ጫፎ በወጣትነታቸው ጎሽ ጥለዋል ይባላል፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

«የጀርመን ነው፤ ሃያ እጥፍ ያቀርባል» አለ ኤፍሬም።

«ሃያ ካለህ ሊሸውድህ ነው» አሉ ጋሽ ጫፎ ለማርቆስ። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ ሚዳቋዋም አብራህ ትንቀጠቀጣለች። ለአደን ስምንት ይበቃል።»

«ስምንትም አለኝ። እሱም የጀርመን ነው።»

«አንተ ዘንድ የጀርመን ያልሆነ ምን አለ?»

ጋሽ ጫፎ ስምንቱን ተቀብለው ማዶውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«አዞ ተኝቷል። ወንድ ነው፣ ያረጀ።»

«ጥርሱ ሁሉ ይታያል እኮ» አለ ኤፍሬም ቶሎ ብሎ። «የቻይና ቢሆን ጥርስ ያሳይ ነበር?»

ማርቆስ ተራው ደርሶ ሲያይ ረዘም ያለ ጥቁር ነገር ብቻ ታየው። አዞ አልታየኝም ያለ ጠቋሚ ደግሞ ወሬው ሰኞን ቀድሞ ቀጣሪዎቹ ጋ ይደርሳል።

«ጥርሱ ትንሽ ቢጫ ነው» አለ።

መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከቁጥቋጦው ወጡ። አንዱ አዞውን በራሱ፣ ሌላው በጭራው በኩል ይዘው ወደ ውሃው ገፉት። ከዚያም ተቀመጡበትና ወደ ሦስቱ ሰዎች መቅዘፍ ጀመሩ።