ባዶው የቡችሎች ዓምድ

አክስቴ አፏ አያርፍም፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አለቃዋ፣ የእኔ ፀጉር እንኳ አይቀራትም። ስለዚያ ዓመት ብቻ አታወራም። የቀበሮ ጠባቂ ናት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከቤት ውሾች የተላለፈ በሽታ ደኑ ውስጥ ገብቶ፣ ከሠላሳ አራት ትልልቅ ቀበሮዎች ዘጠኝ ብቻ ተረፉ።

እኔ ደግሞ ከተማ፣ ዋናው ቢሮ፣ የጠባቂዎችን ቅጽ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ የአክስቴን ቅጾች ደርድሮ፣ የቡችሎቹ ዓምድ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ መሆኑን አሳየኝ። በሽታው አምክኗቸዋል አለ። ስለዚህ የመንደሩን ውሾች በየዓመቱ መከተብ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ይቁም። ደብዳቤውን እንዳዘጋጅም አዘዘኝ።

ልጽፍ ተቀመጥኩና እጄ እምቢ አለ። ቀበሮ አሥር ዓመት ከኖረ ዕድሜ ጠገብ ነው። ታዲያ አክስቴ በየዓመቱ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ እያለች የምትመዘግባቸው ትልልቆች እነማን ናቸው? መቼም ከሰማይ አልወረዱም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስታየኝ የመጥረጊያ እንጨት መምሰሌን ነገረችኝ። ቅጹን ሳወጣ ግን ባዶውን ዓምድ በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«በዚያ ዓመት አሥራ ስድስት ቡችሎች ጽፌ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። አሥራ ስድስቱንም። ከዚያ ወዲህ ዓመት ካልሞላቸው አልጽፍም። ካደጉ ከትልልቆቹ ጋር እቆጥራቸዋለሁ። ካላደጉም ያልጻፍኩትን አልሰርዝም።»

የመጣሁት ልቆጣት ነበር። አንጀቴን በላችውና አቀፍኳት። ከዚያ ክትባቱ ሊቆም መሆኑን ነገርኳት። ከቆመ በሽታው ተመልሶ እንደሚመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጫማዋን ፈለገች።

ከቀበሮዎቹ ጉድጓድ ማዶ በሆዳችን ተኛን። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አራት ቡችሎች እየተጋፉ ወጡ። ጻፍኩ። ቆይታ አምስተኛዋ መጣች፤ ጭራዋ የሳሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ የምትቀመጥ። እርሳሴን እንደያዝኩ ወደ አክስቴ ዞርኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ይቺ የምትከርም አትመስልም» አለች።

«ልተዋት?»

«ጻፊያት። ከሞተች የምሰርዛት እኔ ነኝ።»