ኤስቤን በክንፉ ውስጥ የጻፈው

በዩትላንድ የነፋስ ማመንጫ ክንፍ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የክንፉ ሁለት ግማሾች ተገጥመው ከመጣበቃቸው በፊት፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ውስጡ ላይ በወፍራም ብዕር የመጣለትን ይጽፋል። ከተዘጋ በኋላ ማንም አያነበውም። ክንፉ የሚሠራው በሙጫ ከተያያዘ የብርጭቆ ክር ነው፤ ሲያረጅ ሙጫው ከክሩ አልላቀቅ ስለሚል፣ ተቆራርጦ ከነጽሑፉ ይቀበራል። ንጹሕ ኃይል እየተባለ ሲወደስ የኖረ ነገር መጨረሻው ጉድጓድ መሆኑ ያሳፍራል።

ቢርተ የምትባል የኬሚስትሪ ባለሙያን ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር። ዓመታት ለፍታ፣ ለብ ባለ ቀላል አሲድ የሚሟሟ ሙጫ ቀመረች። በዚያ ሙጫ የመጀመሪያውን የሙከራ ክንፍ የሠራው ባሏ ኤስቤን ነው። ሲሠራም ሲያበሽቃት ከረመ። «የሚሟሟ ሙጫ! ቀጥለሽ ደግሞ የሚቀልጥ ምስማር ሥሪልን።» ክንፉ ገና እየተሽከረከረ ሳለ ኤስቤን በልብ ሕመም ሞተ።

አሁን ክንፉ ወርዶ ሊሟሟ ነው። አሲዱ ያለበት ገንዳ ሙሉ ክንፍ ስለማይችል የኤስቤን ጓደኛ ክሬስተን በመጋዝ ሲቆራርጠው ቆየና ድንገት መጋዙን አጠፋ።

«ቢርተ፣ ነይ እስቲ። የሰውዬሽ ጽሑፍ ነው።»

የተንጋደደ የኤስቤን ጽሑፍ ነበር። «ቢርተዬ፣ ይህን ካነበብሽ ሙጫሽ አልሟሟም ማለት ነው። አላልኩሽም?»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«ውሰጂዋ በቃ» አለ ክሬስተን። «መዳፍ የምታህል ቁራጭ ናት፤ ማን ያያል?»

«አንድ ቁራጭ ከጎደለ ፈተናው አይቆጠርም።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺው ሰርዢው! ባልሽ'ኮ ነው፣ አንቺ ግትር!»

 ቁራጯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆየች። ብታስቀራት ክንፉ በሙሉ ሟሟ ብላ አፏን ሞልታ መናገር አትችልም፤ ሌሎቹም ክንፎች መቀበራቸውን ይቀጥላሉ። ብትከታት ደግሞ ኤስቤን የተዋት የመጨረሻ ቃል ይጠፋል። አንጀቷን አስራ በገዛ እጇ ገንዳው ውስጥ ከተተቻት።

በማግስቱ ክሩ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን ትንሽ ቀለም ተርፎ እንደሆነ ብላ እርጥቡን ክር በጓንቷ ትፈለቅቅ ጀመር። አንዲት ነጥብ እንኳ አልነበረችበትም።

«ሟሟ! ኤስቤን፣ እየው እንጂ!» አለች፣ ሳታስበው ኤስቤን ድሮ ይቆምበት ወደነበረው ወደ መጋዙ ዞራ።

እዚያ የቆመው ክሬስተን ነበር። ቆቡን አወለቀና አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።