የዘበኛ ልጅ አንደኛ ስትወጣ

ኢንሳፍ የሕግ ፋኩልቲውን አንደኛ ሆና ጨርሳለች። አንደኛ የወጣ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀራል፤ ደንቡ ነው። አባቷ ዐብዱሻፊም ደንብ ደንብ ነው ብሎ፣ ገና ለቃለ መጠይቁ ሳትወጣ ለደስታ ቀን የሚጠጣውን ቀይ ሸርበት በባልዲ በጥብጦ በረዶ ጨመረበት፤ ለሚጠብቀው ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ ሊያድል።

«አባዬ፣ ሥራው ሳይገኝ ድግስ?»

«ዝም በይ። የስድስተኛ ፎቁ ዶክተር ሸውከት የሚጠይቅሽ ኮሚቴ ውስጥ አሉ። ከሕፃንነትሽ ያውቁሻል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ የኔን ሥራ ከጠየቁሽ ‹ንብረት አስተዳዳሪ ነው› በያቸው።»

«የማንን ንብረት? ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍላችንን?»

የወንጀል ሕጉን ያጠናችው እዚያች ክፍል ውስጥ፣ የሊፍቱ ሞተር ጆሮዋ ላይ እያጓራ ነው።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ስለ ሕግ የጠየቃት አልነበረም።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አላት ራሱ ሸውከት። ዓይኑን እንኳ አላሸሸም። ጠዋት ቦርሳውን እስከ መኪናው የተሸከመለት፣ መስታወቱን የወለወለለት ማን ሆነና! ንብረት አስተዳዳሪ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው።

«እርስዎ የሚኖሩበት ሕንፃ ዘበኛ ነው፣ ዶክተር። ዛሬም ቦርሳዎን ይዞልዎታል።»

ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ መምህርነት ክብር ይፈልጋል። ተማሪዎቹ የእነማን ልጆች እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ የዘበኛ ልጅ ታስተምረን ወይ ቢሉሽስ?»

«የዶክተር ሸውከትን ልጅ ለፈተና ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ያኔ የማን ልጅ ነሽ አላለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። ቦታው አራተኛ ለወጣው ተሰጥቷል። አራተኛ የወጣው የሸውከት ልጅ ነው።

ዐብዱሻፊ የሕንፃው በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ነበር። የባልዲው በረዶ ቀልጧል። ፊቷን አይቶ ገባው።

«እውነቱን ነገርሻቸው? ምነው ልጄ፣ እኔን ደብቀሽ ብታልፊ ምን ነበረበት?»

«አንተን ደብቄ የምገባበት በር ተዘግቶ ይቅር። ደግሞ ሳያውቁ የጠየቁኝ መሰለህ? በገዛ አፌ እንድለው ነው የፈለጉት። ብዋሽ ኖሮ ውሸታም ብለው ያባርሩኝ ነበር።»

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ይሄ ጥሩምባ ሳያበቃ ከአግዳሚው ተነሥቶ ሮጧል፤ አሁንም ጉልበቱ ቀድሞት ግማሽ ተነሣ።

ሸውከት ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ወረደ። ባልዲውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አይ ዐብዱሻፊ! ወሬው ቀደመኝ ማለት ነው? ለልጄ ነው ሸርበቱ?»

ዐብዱሻፊ ብርጭቆ ሞላና ለኢንሳፍ ሰጣት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከነገ ጀምሮ ክፍሏም ሥራውም ላይኖሩ እንደሚችሉ ያውቃል።

«ለልጄ ነው፣ ዶክተር። አንደኛ ወጥታለች።»

«እንዴ… ሐብሐቡን ተቀበለኛ።»

«ሊፍቱ ይሠራል» አለ ዐብዱሻፊ።

ኢንሳፍ የሞቀውን ሸርበት እስከ ጭላጩ ጠጣችውና አባቷ ጎን ተቀመጠች።