ባዶ ነው ሲሉ

ዙሁራ በሩን አላንኳኳችም፤ በርግዳው ገባች። ጫማ ያደረገችው በአንድ እግሯ ብቻ ነበር።

«ላሊ! ትናንት ለባሌ ምንድን ነው ያልከው?»

ላሊ የጠዋት ሻዩን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን አልኩት? ጉሮሮ ስንጥቁ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፣ ባዶ ነው አልኩት።»

«ባዶ ነው አልከው!» እህቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጎህ ሳይቀድ ታንኳውን ይዞ ወጥቷል። ምነው ወንድሜ፣ ባዶ ነው ሲሉት አርፎ የሚቀመጥ ጠላቂ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ወላሂ ብዬ ምዬለት ነበር እኮ!»

«ጭራሽ ምለህለታል? በቃ ገደልከው!»

ላሊ ሻዩን አስቀመጠ። እውነቷን ነው።

በመንደራቸው በኪዚንጊቲኒ ባሕር ላይ «አለ» የሚል ሰው የለም። ካምባ የሚሉት ያ ባለ እሾህ፣ ባለ ረጅም ጢም ሎብስተር በየቋጥኙ ስንጥቅ ታጭቆ ቢገኝ እንኳ፣ ጠላቂው ከባድ ከረጢቱን እየጎተተ «ባዶ ነው» ይላል፤ ዓይን እንዳይበላው። ሰሚውም «እሺ፣ ባዶ ነው» ብሎ በማግሥቱ እዚያው ይሄዳል። እንዲህ እየተዋሹ ደህና አድርገው ሲግባቡ ኖረዋል። የዓሣ ሀብት ቢሮ ሰዎች መጥተው ካምባው የት የት እንደሚገኝና ብዛቱን ሲጠይቁ እንኳ፣ መንደሩ በአንድ አፍ «ባዶ ነው» ብሎ ሸኛቸው። አሁን ባሕሩ የምር ባዶ ሆነ፤ ይህን የሚናገሩበት ቃል ግን ቀድመው ጨርሰውታል።

«ሙሉ ነው» ማለትማ አይታሰብም። ላሊ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ውኃው ውስጥ አጮልቆ «አባ፣ ሙሉ ነው!» ብሎ ጮኾ፣ አባቱ በጥፊ አጩሎታል። ያን ቋጥኝ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሙሉ ነው የተባለበት ቦታ የተረገመ ነው፤ እዚያ የሚጠልቅ ሰው አይገኝም።

ጉሮሮ የዚያው አባቱ ቦታ ነው፤ ከቋጥኞቹ ማዶ ያለ ጥልቅ ስንጥቅ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ያገኘውን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚስብ። ቅርብ ባሉት ቋጥኞች ሁሉ ካምባ ሲጠፋ፣ ላሊ ትናንት የመጨረሻ ተስፋው እሱ ነበርና ወርዶ አየው። ከአንዲት እንቁላሏን ሆዷ ሥር ካቀፈች እናት ካምባ በቀር ምንም የለም። እሷንም ትቷት ወጣ።

የዙሁራ ባል አትማን ደግሞ ሰሞኑን መሣቂያ ሆኖ ነበር። ካምባን ከዋሻው የሚያስወጡት ዱላ ጫፍ ላይ ኦክቶፐስ አስረው በማስደንገጥ ነው፤ ጓደኞቹም «የአትማን ኦክቶፐስ የሚያስደነግጠው አጥቶ ሥራ ፈታ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰውዬው እልኸኛ ነው።

ላሊ ታንኳውን ሲገፋ ዙሁራ ዘልላ ገባች።

«ውረጂ!»

«አልወርድም! ቅዘፍ!»

ባሕሩ መሸሽ ጀምሯል። ላሊ ውኃው ከባሕሩ ዳር እየራቀ ሲሄድ እያየ ክንዱ እስኪዝል ቀዘፈ። የአትማን ታንኳ መልሕቋን ጥላ ትወዛወዛለች፤ ሸሚዙ ተጣጥፎ ውስጧ ተቀምጧል። ሰው የለም። አጠገቧ አንድ ዱላ ይንሳፈፋል፤ ጫፉ ላይ ኦክቶፐሱ እንደታሰረ ነው፣ የያዘው እጅ ግን የለም።

ዙሁራ ዱላውን አየችው። ጎንበስ ብላ ከውኃው አወጣችው።

ላሊ የመጥለቂያ መነጽሩን አጥልቆ ወረደ። ጉሮሮ አፍ ላይ ሲደርስ ውኃው እግሩን ያዘው። በአንድ እጁ ድንጋዩን ጨብጦ በሌላው ጨለማውን ዳበሰ። ለስላሳ ነገር ነካ። ሳበው፤ የአትማን ከረጢት ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ባዶ ነገር ይዞ አያውቅም። ትንፋሹ አልቆ፣ ለእህቱ ምን እንደሚላት ሳያውቅ ወጣ።

«እዚያ ጋ!» ዙሁራ ቆማ ትጠቁማለች። «አረፋው ውስጥ! እጁ ነው!»

ጉሮሮ ውጦ በማዶ በኩል ተፍቶታል። አትማን ማዕበሉ የሚሰበርበት ቋጥኝ ላይ ተለጥፏል፤ ደረቱ ተልጧል፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል። ታንኳው ላይ ጎትተው ሲያወጡት የዋጠውን ውኃ ተፋና ዓይኑን ገለጠ።

«ላሊ... ባዶ ነው።»

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ አንተ አህያ!» ላሊ እየሳቀ እንባው ወረደ።

«አንዲት ብቻ... እንቁላል የያዘች።»

«አውቃታለሁ።»

ዙሁራ ባሏን በጥፊ ልትመታው እጇን አንስታ፣ መልሳ ፊቱን ዳበሰችው።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ጠላቂዎቹ ተሰብስበው ጠበቋቸው። አዛውንቱ ፋማው ከፊት ቆመዋል።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከጉሮሮ።»

«ምን አለ እዚያ?»

አትማን ራሱን ቀና አደረገ። «ባዶ ነው» አላቸው በደከመ ድምፅ። «ወላሂ ባዶ ነው።»

ላሊ የጎረምሶቹ ዓይን ሲበራ አየ። ሰው ቆዳው እስኪላጥ የታገለበት ቦታ፣ ያውም በመሐላ ባዶ ነው የተባለ! አንዱ እንዲያውም መነጽሩን ከአሸዋው ላይ አንስቷል። ዙሁራም አይታዋለች፤ የላሊን ክንድ ጨመቀችው።

ምን ቢላቸው ያምኑታል? አባቱ እሱንና ዙሁራን ያሳደገው ከዚያ ስንጥቅ ባወጣው ካምባ ነው።

«ሙሉ ነው» አለ ላሊ።

ጠላቂዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሙሉ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጉሮሮ እስከ አፉ ሙሉ ነው! በአባቴም ዘመን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም!»

«ምን ነካህ ልጄ?» ፋማው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «የአባትህን ቦታ ትረግማለህ?»

ላሊ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጎረምሳው ጥቂት አመነታና መነጽሩን ካነሳበት መልሶ አስቀመጠው።