የሦስት ቁጥር ካልሲ

ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። ዛሬ ሁሉም የየራሳቸው ቤት አላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኳስ አላውቅም፤ ማን ከማን እንደሚጫወት ጠይቄም አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ትልቁ ውድድር እኛው ከተማ ሆነና ብሔራዊ ቡድናችን እኛ ሆቴል አረፈ። ሦስተኛው ፎቅ በሙሉ ለእነሱ ተለቀቀ፣ ልብሳቸው ደግሞ ወደ እኔ ወረደ።

ማጠቢያ ክፍላችን ምድር ቤት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተጻፈበት የመረብ ከረጢት አለው። የለበሰውን እዚያ ይከትና ይዘጋዋል፤ እኛም ከነከረጢቱ ማሽን ውስጥ እንከተዋለን። እንዳይቀላቀል ነው። የሚወጣው ካልሲ ብቻ ነው፣ የሣር እድፍ በማሽን እሺ ስለማይል። እሱን በእጄ አሸዋለሁ። ካልሲ ላይ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ አንዱን ከረጢት ከፍቼ፣ አሽቼ፣ እዚያው መልሼ ሳልዘጋ ሌላውን አልነካም።

አብሮኝ የሚሠራው ካውያ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ ኳስ ሲያወራ አፉ ስለማያርፍ ሁላችንም ጋዜጠኛው እንለዋለን። መደርደሪያው ላይ ያስቀመጣት ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ትለፈልፋለች። ማንም ያልጠበቃት አንዲት ትንሽ አገር ትልልቆቹን ስታንበረክክ፣ ዋንጫ ይወስዳሉ የተባሉት በመጀመሪያው ዙር ሻንጣቸውን ሲሸክፉ፣ ሁሉንም የሰማሁት ከዚያች ሬዲዮ ነው። በየጨዋታው ማግስት ደግሞ ጎልተው የወጡትንና ያሳፈሩትን ተጫዋቾች በዝርዝር ያነባሉ። ከእኛ ቡድን በመጀመሪያው ዝርዝር አናት ላይ የማይጠፋው አስራ አንድ ቁጥር ነው፤ መብረቁ ይሉታል። በሁለተኛው ዝርዝር አናት ላይ የማይጠፋው ሦስት ቁጥር ነው፤ እሱን ሐውልቱ አሉት። የሚገባብን ጎል ሁሉ የሚመጣው እሱ ሊጠብቀው ከሚገባው ቦታ ነው አሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፣ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ፍርሃቴ የጀመረው ካልሲ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ማግስት የሦስት ቁጥርን ከረጢት ስከፍት አንደኛው እግር ካልሲ ላስቲኩ ጋ በመቀስ ተቀዷል፤ ጣት ያህላል። ሌላኛው ደህና ነው። ልሰፋው አልኩና ተውኩት። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ አዲስ ካልሲ መጣ፤ አሁንም አንደኛው ብቻ፣ ስንዝር ሙሉ ተቀዷል። ከሦስተኛው በኋላ የመጣው እስከ ባቱ ታች ወርዷል። ክሩ ደግሞ ውስጡ ትራስ የጠቀጠቁበት ይመስል ተለጥጦ ቀርቷል።

ጋዜጠኛውን አሳየሁት።

«ፋሽን ነው እናታለም» አለኝ፣ ካውያውን ሳያቆም። «ትልልቆቹ ሁሉ ካልሲያቸውን ይቀዳሉ። ባታቸው እንዲተነፍስ ነው አሉ።»

«ታዲያ የዚህ ልጅ አንድ ባቱ ብቻ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?»

«ሐውልት ደግሞ ምን ባት አለው?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ ካልሲ አውቃለሁ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከረጅም መንገድ ሲመለስ አንደኛው እግሩ አብጦ መጣ። ተቀምጬ ስለዋልኩ ነው አለኝ። ካልሲው አልገባ ሲለው ላስቲኩን በቢላ የቀደድኩለት እኔ ነኝ። በሞቀ ውሃ አሸሁለት፣ እንዲፍታታ ብዬ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በል አልኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ተነሥቶ በሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ በኋላ ነው የነገረኝ። እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባው ላይ ደረሰ። መታሸትም መራመድም አልነበረበትም። ትልቁ ልጄ ያኔ አስር ዓመቱ ነበር።

እና የሦስት ቁጥርን ከረጢት በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ካልሲውን ነው። ማልያው ደግሞ ውሃ ውስጥ ወድቆ የወጣ ይመስል ከሁሉም ይከብዳል። እንዲህ የሚያልበው ሕመሙ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት የልምምድ ልብሳቸው ወረደ። የሦስት ቁጥር ካልሲ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተርትሯል። እጄ ላይ ይዤው ስቆም ስልኬ ጮኸ፤ ትልቁ ልጄ ነው።

«እማዬ፣ የሐውልቱን ሁለት ካልሲ እርስ በርሱ ስፊልን። ሜዳ ላይ ለውጥ የለውም።»

«የሰው ልጅ ነው፣ አፍህን ሰብስብ» አልኩና ዘጋሁበት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

የእኛ ሥራ ሕግ አለው፤ ከእንግዳ ልብስ ላይ ያየነውን ከማጠቢያ ክፍል አናወጣም። ፈርመንበታል። ትራስ ላይ ያየችውን ያወራች አንዲት ሠራተኛ በማግስቱ ተባራለች። ቡድኑ ከሰዓት ወደ ሜዳ ይሄዳል። ጌታዬ፣ አንዴ ዝም ብዬ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አታድርግብኝ አልኩ። ካልሲውን ሽርጤ ኪስ ከተትኩ፣ የታጠፈ ፎጣ ተሸከምኩና ወጣሁ።

የቡድኑ ሐኪም መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ፋሻ እየቆጠረ አገኘሁት።

«ፎጣውን እዚያ ያስቀምጡልኝ፣ እናቴ።»

«ዶክተር፣ የሦስት ቁጥርን እግር ይዩልኝ።»

ቀና አለ። «ማነው የላከዎት? ጋዜጣ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ልብስ አጣቢ ነኝ።» ካልሲውን አልጋው ላይ ዘረጋሁለት። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ያየሁትን አንድ ባንድ ነገርኩት፤ የባለቤቴንም ጨመርኩ። መሳቅ የጀመረው ፊቱ እየቆየ ተለወጠ። ሦስት ቁጥርን በስልክ ጠራው።

ልጁ መጣ። በሬዲዮ ሲሰድቡት ግዙፍ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ገና ጢሙ ያልሞላ ነው። ካልሲውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያንተ ነው?» አለው ሐኪሙ።

«አዎ።»

«ለምን ቀደድከው?»

«ፋሽን ነው።»

«ሱሪህን ሰብስብ።»

ሰበሰበ። ሁለቱም እግሮቹ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ እኩል ናቸው። ሐኪሙ ተጭኖ አየ፣ ባቱን በሜትር ለካ፣ አዙሮም አየ። ምንም የለም።

«ሂድ ተዘጋጅ» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ ካልሲውን መለሰልኝ። «ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ግን ቀኑ ዛሬ ነው፣ ልጆቹን አያስደንግጡብኝ።»

አፈርኩ። ኮሪደሩን ይዤ ስሄድ የማስበው ስለ እንጀራዬ ነበር፤ ሊፍቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሦስት ቁጥር ነው።

«እማማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ለማን አሳይተዋል?»

እግሩ ደህና የሆነ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ስሕተቴ ከረጢቱን ማመኔ ነበር። ቁጥሩን አየሁ እንጂ ካልሲውን ማን እንደከተተው አላየሁም።

«ይሄ ካልሲ ያንተ አይደለም» አልኩት።

ካልሲውን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠሁትም።

«ያበጠው የማን እግር ነው?»

ዓይኑ ሄደ፣ ወደ ክፍላቸው በር።

«ምያለሁ እማማ» አለ። «በእናቱ ስም ነው ያስማለኝ። የእሱን ልብስ የቡድኑ ዕቃ ያዥ ራሱ ነው እየቆጠረ የሚረከበው፤ የእኔን ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ካልሲ የተቀያየርነው። የዛሬን ጨዋታ ብቻ ልጫወት ብሎ ነው። ለውጭ ክለብ ሊያዩት የመጡ ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ እናገራለሁ ብሎኛል።»

«በዚያ እግር እንዴት ይሮጣል?»

«አይሮጥም። ኳስ ሲደርሰው ይመታል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የምሮጥለት እኔ ነኝ።»

የማልያው ክብደት ያን ጊዜ ገባኝ። የጎሎቹም ነገር ገባኝ። የጓደኛውን ሥራ ሊሠራ የራሱን ቦታ ባዶ ትቶ ሲሄድ ነው ለካ የሚገባብን።

«ካበጠበት ስንት ቀኑ ነው?»

በሆዱ ቆጠረ። «አስር።»

«ባሌ በአራተኛው ቀን ነው የሞተብኝ፣ ልጄ።»

ሳልጠይቀው፣ «ትናንት ደረጃ ላይ ቆመብኝ» አለ። «ትንፋሽ አጠረኝ አለ። ደረቱን ይዞ ሳቀ።»

ግድግዳውን ደገፍኩ። መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ልጆቼንም እንዳትምሉ ብዬ ነው ያሳደግኩት። ግን ቆመን የምናስብበት ጊዜ አልነበረንም።

«አንተ መሐላህን ጠብቅ» አልኩት። «እኔ ለማንም አልማልኩም። ተመልሼ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ያበጠው የአስራ አንድ ቁጥር እግር ነው እለዋለሁ፤ ከዋሸሁ እዚሁ አስቁመኝ።»

አዎ አላለም። አይደለም ግን አላለም። ከመንገዴ ዞር አለ።

ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ ወሬ አላስጨረሰኝም። ቀድሞኝ ነው የሄደው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ሦስት ቁጥር ከኋላዬ ቆመ። መብረቁ ቱታ ለብሶ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሬዲዮ ላይ ስንት ያሉለት ልጅ፣ ፊቱ የትናንት አመድ መስሏል።

«ሱሪህን ሰብስብ» አለው ሐኪሙ።

«ለምን?»

«ሰብስብ ብዬሃለሁ።»

እስከ ጉልበቱ አልወጣም፤ ባቱ ላይ ተቀረቀረ። ሐኪሙ በመቀስ ቀደደው። ያየሁትን እግር አውቀዋለሁ። ቀልቷል፣ ያብለጨልጫል፣ የሌላውን ሁለት እጥፍ ያህላል። ሐኪሙ ሊነካው የዘረጋውን እጁን ሳያሳርፍበት መለሰና ስልኩን አወጣ።

«ከአሁን ጀምሮ አትነሳም። ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም። ሰማኸኝ?»

«ጨዋታው—»

«ምንም ጨዋታ የለም።»

መብረቁ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጓደኛውን አየ። «ነገርክ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እሱ አንዲት ቃል አልተናገረም፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ምን አደረግኩዎት እማማ?» አለኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረውም። የዕድሜ ልኩን ነገር የነጠቅኩት ሰው ድምፅ ነው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አምቡላንሱ ጋዜጠኞች እንዳያዩ በእኛው በኩል፣ በምድር ቤቱ በር ነው የገባው። ቃሬዛው በማሽኖቹ መሃል ሲያልፍ ልጁ በአፉ እየተነፈሰ ነበር፣ አጭር አጭር። እያንዳንዷን ቆጠርኩ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቀጣዩ ትንፋሽ የማይመጣ እየመሰለኝ እግዚአብሔርን አንድ ተጨማሪ፣ አንድ ተጨማሪ እያልኩ ለመንኩት። ጋዜጠኛው ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስቶ ሸሚዙን አቃጠለው።

ሌሎቹ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ተሸነፉ፤ ሁለት ለዜሮ። በማግስቱ ሬዲዮው ዝርዝሩን አነበበ። መብረቁ በቀላል ጉዳት አልተሰለፈም፤ እሱ ቢኖር ኖሮ እናልፍ ነበር። የውድድሩ ትልቁ ውድቀት ሐውልቱ ነው፣ አገር አሳፍሯል። ሐኪሙ ሕክምናው እስኪለይ አንድ ሰው እንዳይሰማ ብሎን ነበርና ጥርሴን ነከስኩ። ጋዜጠኛው ሄዶ ሬዲዮዋን አጠፋት። በዚያ ሁሉ ዘመን አጥፍቷት አያውቅም።

ሁለት ቀን ወሬ አልሰማሁም። ኃላፊያችን ይጠራኛል እያልኩ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ስለ ሥራዬ መፍራቱ ግን ቀላሉ ነበር። ካልሲ ሳሽ እጄ ውስጥ ያለው የሞተ ሰው ልብስ ቢሆንስ እላለሁ። ዘግይቼ ቢሆንስ? በመጀመሪያዋ ጣት ቀዳዳ ጊዜ ብናገር ኖሮስ?

ቡድኑ የሚሄድበት ጠዋት ሦስት ቁጥር ሻንጣውን ይዞ ወደ እኛ ወረደ። አፉን እስኪከፍት ፊቱን አየሁና ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«አለ» አለኝ።

«አለ?»

«ሳንባው ላይ ትንሽ ደርሶ ነበር አሉ። ዛሬ ያለ ኦክስጅን አደረ። አንድ ግማሽ እንኳ ቢጫወት ኖሮ…» አልጨረሰውም።

«ተመስገን» አልኩ።

«አያናግረኝም ግን። ትናንት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሱ እንደ ጌታ ሆነብኝ፤ እኔ እንደ ሎሌ ቆሜ ወጣሁ።»

«ሲያዞር ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ።»

«ደህና አድርጎ?»

«ደህና አድርጎ።»

«እንግዲያው ዛሬም ሂድ። ወንበር ሳብና ተቀመጥ።»

«ባያናግረኝም?»

«ባያናግርህም። እኔንም ላያናግረኝ ይችላል፤ ግን ስለ እኔ ከጠየቀህ አሮጊቷ ሥራ ላይ ናት በለው።»

ትንሽ ፈገግ አለ። ውጭ አውቶቡሱ ጥሩምባ እየነፋ ይጠራዋል። እሱ ግን ሻንጣውን ትከሻው ላይ አደረገና በሌላኛው በር፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው በኩል ወጣ። በሩ ተዘጋ። ማሽኑን ይዤ ወደ መሬት ስወርድ ጋዜጠኛው ደርሶ በብብቴ ያዘኝ፤ ምን ሆንሽ ብሎም አልጠየቀኝም።