ለልጅ የማይሰጥ እንቁላል

ሳናቱ የልጅ ልጇን ዉምፒኒን አዝላ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ፣ መንገዱን ሙሉ እጇ ከልጅቷ እግር ላይ አልተነሳም። ከታማሌ ከተማ የመጣችው ነርስ ያበጠውን እግር በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ጎድጉዶ ቀርቶ ነበር። እንቁላል ስጧት፣ ዓሣም ባቄላም ስጧት፣ በበቆሎ አጥሚት ብቻ ከቆየች ክረምቱን አትዘልቀውም ብላ ነው የሸኘቻት።

እንቁላልስ ቤት ሞልቷል። የልጇ የናፓሪ ጅግሮች ጓሮው ሣር ውስጥ በየቀኑ ይጥላሉ። የሚበላው ግን እሱ ነው፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል። እንቁላል የለመደ ሕፃን ሌባ ይሆናል ይባላል። ይህንን ለናፓሪ ያስተማረችው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ሳናቱ ናት። በአራት ዓመቱ አንድ እንቁላል አንስቶ ቢበላ ከንፈሩን በበርበሬ አሽታዋለች። አድጎ የሰው ንብረት የማይነካ ሲባል፣ በእጄ ሥራ ነው እያለች ስትኮራ ኖራለች። ዉምፒኒም እጇን ወደ እንቁላል በሰደደች ቁጥር የአባቷን የናፓሪን ጥፊ ቀምሳለች።

ናፓሪ ከእርሻ ገብቶ የበቆሎ ገንፎውን በባሚያ ወጥ መብላት ሲጀምር፣ ሳናቱ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ነገሩን አነሳችበት። አልተቆጣም። ሳቅ ብሎ የሰፈሩን ፍየል ሌባ አስታወሳት፤ የሌባው እናት በልጅነቱ ሥጋ ታጎርሰው ነበር አላት።

«እማዬ፣ እኔን ሰው አድርገሽ አሳድገሽ፣ የኔን ልጅ ሌባ ልታደርጊብኝ ነው?»

የሳናቱ ዓይን ዉምፒኒ እግር ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ እግር አይታለች። ከናፓሪ ቀጥላ የወለደቻት አቢባ በሦስት ዓመቷ እንዲሁ አብጣ፣ ፀጉሯ ሳስቶና ቀልቶ ነው የሞተችው። ያኔ የሰው ዓይን ነው ተባለ፤ ሳናቱም አምና ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷን ስትረግም ኖረች።

«አቢባ ትዝ ትልሃለች?» አለችው። «እግሯ ልክ እንዲህ ነበር። ዓይን አይደለም የገደላት፤ እኔ ነኝ።»

ናፓሪ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። ሚስቱን ጠርቶ እንቁላል ቀቅላ እንድታመጣ አዘዛት። ራሱ ልጦ ለልጁ ዘረጋላት።

ዉምፒኒ እንቁላሉን አየች፤ አባቷን አየች፤ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ብዪ» አላት። ቁጣ መሰላትና አለቀሰች።

ሳናቱ አቅፋት አስኳሉን ፈርፍራ ብታጎርሳት ተፋችው። አፏ ከአጥሚት ሌላ አያውቅም። ደግማ ብታጎርሳት ደግማ ተፋች። ሦስተኛውን በጉንጯ ያዘችው፤ ግን አልዋጠችም። ዓይኗን ከአባቷ እጅ ሳትነቅል ጥፊውን ትጠብቃለች። ሳናቱ ቀጭን አንገቷን በጣቶቿ ቁልቁል እያሸች፣ «ዋጪ እናቴ፣ ዋጪ» ትላታለች።