ሙጫ የሚረጨው ግንብ

ባሌን የቀማችኝ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴትን ፀጉሯን ይዤ ልክ አስገባታለሁ፤ የስልክ ጌምን ግን በምኑ ይይዙታል? ሳልህ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ሹፌር ነው። ተራ ሲጠብቅ ስልኩ ላይ፣ ቤት ሲገባ ስልኩ ላይ። «ዘሙሩድ፣ ጨው አቀብይኝ» ከማለት በቀር ከአፉ ቃል ከወጣ ወራት አለፉ። ቢቸግረኝ መሪ ሰፈር ወንድሜ ቤት ልሄድ ሻንጣዬን ሸክፌ በር ሥር አቆምኳት። እሱ ምን ቸገረው፤ ተሻግሯት ይወጣል፣ ተሻግሯት ይገባል።

ዓርብ ዕለት ስልኩን የምነግድባት ሱቄ ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ለጁምዓ መስጊድ ሄደ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ፈለግሁ፤ ይሄ ጌም ከእኔ የሚበልጠው በምንድን ነው? ከፈትኩት።

ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ አለ። በአንዱ ጫፍ ጭራቆች ይመጣሉ፣ በሌላው ጫፍ የምትጠብቂው ቤት አለ። መንገዱ ዳር ግንብ ትተክያለሽ፤ አንዱ ቀስት ይወረውራል፣ አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ደግሞ ሙጫ ብቻ ይረጫል። የእኔ ጀግና እሳቱን ሁሉ ቤቱ በር ላይ ደርድሮ፣ አንድ ደረጃ ላይ ተቸክሏል። እኔም እንደሱ ሞከርኩት። ጭራቆቹ እየሮጡ አልፈው ቤቱን አፈረሱት።

ሁለተኛ ጀመርኩ። ሦስተኛም። ጎረቤቴ ሄለን ሳሙና ልትገዛ መጥታ ብትጠራኝ፣ «ቆይ አንዴ፣ ይሄ ዙር ይለቅ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ ይሄ የሳልህ ቃል ነው።

ለካ ሰውዬው ወዶ አይደለም። ግንቡን ተክለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ታያለሽ፤ ያሰብሽው ወይ ይሠራል ወይ ያሳፍርሻል። ነፍሱ ልትወጣ ጥቂት የቀረው ጭራቅ በሩ ላይ ደርሶ ዘጭ ሲል ደስታው ለጉድ ነው። ሲያመልጥሽም በየት በኩል እንዳመለጠሽ በዓይንሽ ታያለሽ፤ እንደገና ጀምረሽ ያንኑ ቦታ ትጠግኛለሽ። ትዳር ላይ የቱ ጋ እንደተሳሳትሽ ማን ያሳይሻል?

ቀና ብዬ መንገዱን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሱቄን ስከፍት ሁሉም ታች ታክሲ ተራው ጋ ይሁን ብሎኝ ነበር፤ እኔ ዳገቱ ኩርባ ላይ ከፈትኩት። ታች ሰው እየሮጠ ያልፋል። ኩርባው ላይ የደረሰ ግን ደክሞት ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ያኔ ውኃም ይገዛል። ሙጫውን ኩርባው ላይ ተከልኩ፣ እሳቶቹን ዙሪያውን። ጭራቆቹ እዚያው ተንቀረፈፉ፣ እዚያው አለቁ።

ሳልህ ተመልሶ ስልኩን አነሳ። «ማነው ይሄን ደረጃ ያለፈው?»

«እኔ።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የለስላሳ ሳጥን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሙጫ እኮ አይገድልም» አለ።

«አይገድልም፤ ያቆማል። ከቆመልህ ሌላው ይገድልልሃል።»

«በሩ ላይስ ምን ተከልሽ?»

«ምንም። በሩ ላይ ከደረሰማ ምኑን ጠበቅኩት?»

ሳቀ። ከዚያ ስለ ቀስቱ ተጨቃጨቅን፤ እሱ ከላይ ይሁን ይላል፣ እኔ ከታች። ሄለን ሁለተኛ መጥታ ሁለታችንንም አይታ ሳሙናዋን ራሷ አንስታ ሄደች። ወላሂ፣ ጭቅጭቁ ናፍቆኝ ኖሯል።

«በር ሥር ያለችው ሻንጣስ?» አለ ድንገት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ወዴት ልትሄድ ነው?»

አይቷታል ማለት ነው። በየቀኑ ሲሻገራት እያያት ነበር። እንባዬ መጣ።

«የትም አትሄድም» አልኩት። «ሙጫ ናት።»

 ከዚያ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ደፍቶ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ» አለ፣ «ቆሜያለሁ።»